እስክሪፕቶው በማን እጅ ነው?

መስከረም ሲጠባ ወደዚህ አምድ የሚመጣው ጥያቄ ስለ አስጠኚ ብቻ ይሆናል። ዘንድሮም ያው ነው። በጽሑፍ የላካችሁ አላችሁ፣ በድምፅ የላካችሁም አላችሁ። አንዷ እናት በድምፅ ስታወራ ከኋላዋ ልጇ «እማ ተይ አቦ!» እያለ ሲጮህ ይሰማል።

እኔ ራሴ ከማስጠናት ነው የመጣሁት። ብዙ ዓመት ከሳቢያን ገንደ ቆሬ በባጃጅ እየተመላለስኩ መጀመሪያ ሒሳብና ፊዚክስ፣ በኋላ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሰልጣኞችን አስጠንቻለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ ከላቤ ነው፣ የድሬዳዋን ላብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። «እርስዎ» እያላችሁ የጻፋችሁልኝ፣ ተዉት፣ ድሬ ላይ «አንተ» ይበቃል። እኔ ግን ለትልልቆቹ አንቱታዬን አልተውም፣ እናቴ በዚህ አትደራደርም ነበር።

ጥያቄ፦ ልጄ 12ኛ ክፍል ናት፣ ናቹራል። ሦስት አስጠኚ ቀያይሬላታለሁ። ሁሉም ጎበዞች ናቸው፣ ሲያስረዱ እኔ ራሴ ጎን ሆኜ ይገባኛል። እሷም «ገባኝ» ትላለች። ፈተና ሲመጣ ግን ሒሳብ ላይ ያው ነው። ብሩም ጊዜውም አለቀ። ሰነፍ ናት ብዬ ልተዋት? (እናት፣ ከሳቢያን)

መልስ፦ እህቴ፣ ሰነፍ ከማለትሽ በፊት ራስሽ የጻፍሽውን ልመልስልሽ፦ «ሲያስረዱ እኔ ራሴ ይገባኛል።» ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። የሚያስረዳው እሱ፣ የሚጽፈው እሱ፣ የሚያሰላው እሱ፣ መልሱ ሥር ሁለት መስመር የሚያሰምረውም እሱ ነው። ልጅሽ ምን ሠራች? ራሷን ነቀነቀች። ወጥ ሲሠራ አጠገብ የቆመ ሁሉ ወጥ መሥራት አይችልም፣ ሽታው ግን ይደርሰዋል። «ገባኝ» ብዙ ጊዜ ሽታው ደረሰኝ ማለት ነው።

እስኪ አስጠኚው በሚቀጥለው ሲመጣ ቡናሽን ይዘሽ ሳሎን ተቀመጪ። ወሬያቸውን አትስሚ፣ እጃቸውን ብቻ እዪ። እስክሪፕቶው በማን እጅ ነው? ከአንድ ሰዓት ውስጥ አርባ ደቂቃው በልጅሽ እጅ ካልሆነ የምትከፍዪው ለማስጠናት አይደለም፣ ለንግግር ነው። ንግግርማ ትምህርት ቤት በነፃ አለ። ክፍል ውስጥ ያን ሁሉ ልጅ የያዘ አስተማሪ የእያንዳንዱን እጅ ማየት አይችልም፣ አይፈረድበትም። አንድ ለአንድ መቀመጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፦ የት ጋ እንደምትቆም፣ የት ጋ እንደምትሰርዝ፣ የት ጋ እስክሪፕቶውን አፏ ውስጥ እንደምትከት ለማየት።

የምትወድቅበት ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የገመታችሁት አይደለም። አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ አስጠና ነበር፣ ቤታቸው ቀፊራ ገበያ አጠገብ። ኳድራቲክ ኢኩዌሽን አልገባኝም ብላ ነው የተጠራሁት። ሁለት ቀን ሙሉ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ኳድራቲክ አስረዳሁ። (አዎ፣ እኔም ያኔ ተናጋሪ ነበርኩ።) በሦስተኛው ቀን ደከመኝና ዝም ብዬ እጇን ማየት ጀመርኩ። ፎርሙላውን ልክ ጻፈች። ቁጥሮቹን ልክ አስገባች። ከቅንፍ ፊት ማይነስ ያለበት ቦታ ስትደርስ ተበላሸ። ኳድራቲኩን ወደ ጎን አልኩና ይቺን ሰጠኋት፦ 100 − (60 − 15)። ሳታመነታ 25 ብላ ጻፈች።

«እሺ፣ 100 ብር ይዘሽ ቀፊራ ገባሽ። የ60 ብር ቲማቲም አስመዘንሽ፣ ተከራክረሽ 15 ብር አስቀነስሽ። ስንት ብር ይዘሽ ትመለሻለሽ?»

«55» አለች ወዲያው፣ ይሄማ ምን ጥያቄ ነው በሚል ዓይን እያየችኝ።

«ወረቀቱ ላይ ግን 25 ብለሻል። ማስቀነስሽ አከሰረሽ?»

ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ሳቋ መጣ። ከታች ክፍል ጀምሮ ተሸክማው የመጣች ስህተት ነው፣ በየዓመቱ «ሒሳብ አልችልም» እያስባላት። ኳድራቲኩ ከዚያ በኋላ ሳምንት አልፈጀብንም።

የሚያስጨንቅሽ ይገባኛል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ሆነ። ይህን ቁጥር የሰማ ወላጅ ይደነግጣል፣ የደነገጠ ወላጅ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ምዕራፍ የሚጨርስ አስጠኚ ይፈልጋል። እኔ የምልሽ ተቃራኒውን ነው። አዲስ ምዕራፍ ይቁም። ያለፉትን ሦስት አራት የፈተና ወረቀቶች አውጡና አስጠኚው የሳተቻቸውን አንድ በአንድ ከእሷ ጋር ይያቸው፦ ይቺን ጭራሽ አታውቃትም፣ ይቺን ታውቃት ነበር ግን መንገድ ላይ ጣለቻት፣ ይቺ ጋ ሰዓት አለቀባት። ሦስቱ ሦስት የተለያየ በሽታ ነው፣ መድኃኒቱም አንድ አይደለም። የ7ኛ ክፍል መጽሐፍ መግለጥ ካስፈለገ ይገለጥ። ልጅቷ ካፈረች በሩን ዝጉት... አይ፣ በሩስ ክፍት ይሁን፣ መጽሐፉን በጋዜጣ ሸፍኑት። (ሴት ልጅ ወንድ አስጠኚ ጋ የምትቀመጠው ሰው በሚያልፍበት ክፍል፣ በሩ ክፍት ሆኖ ነው። ይህን ሲሰማ ቅር የሚለው አስጠኚ ካለ ሻዩን ጠጥቶ ይሂድ።)

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቴክኒክና ሙያ ነው የተማርኩት፣ ኤሌክትሪክ። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ስፈተን ተግባሩን አለፍኩ፣ ንድፈ ሐሳቡ ላይ ወደቅኩ። ሰው ቤት ገመድ እዘረጋለሁ፣ ቱ ዌይ ስዊች ዓይኔን ጨፍኜ አስራለሁ። ሒሳቡ ነው የገደለኝ። ለሙያ ትምህርትም አስጠኚ ይቀጠራል እንዴ? ጓደኞቼ ሳቁብኝ። (ከአዲስ ከተማ)

መልስ፦ ይሳቁ። ለማትሪክ አስጠኚ መቅጠር ክብር፣ ለሲኦሲ መቅጠር ውርደት የሆነበትን ምክንያት እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። በሙያ ትምህርት ሰባ በመቶው ተግባር፣ ሠላሳው ንድፈ ሐሳብ ነው ይባላል፣ ሰልጣኙም ሠላሳዋን ንቆ ነው የሚኖረው። በመጨረሻ ግን የምታስወድቀው እሷ ናት።

ሒሳቡን አላውቅም ያልከው ግን ውሸት ነው። ታውቀዋለህ፣ በእጅህ ነው የምታውቀው። እስኪ የእናትህን ምጣድ እንውሰድ።

ምጣዱ 3,500 ዋት ነው እንበል። የሚመጣልን መብራት 220 ቮልት ነው። ዋት ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፒር ነው፣ ስለዚህ አምፒሩን ለማግኘት 3,500ን ለ220 አካፍል። 15.9 አምፒር። እዚህ ጋ እስክሪፕቶህን አስቀምጥና አስብ። 16 አምፒር ብሬከር ላይ 15.9 አስቀመጥክ፣ ምን ቀረህ? ምንም። እዚያው መስመር ላይ ፍሪጅ ከጨመርክ ብሬከሩ ይወርዳል። ለዚህ ነው አለቃህ «ለምጣድ የራሱን መስመር ሳብ፣ ወፈር ያለ ሽቦ» ሲልህ የኖረው፣ ለዚህ ነው በተራ ማራዘሚያ የተሰካ ምጣድ ማራዘሚያውን የሚያግለው። አንተ ይህን ስትሠራ ነው የኖርከው። ፈተናው የጠየቀህ ያንኑ ነው፣ በቁጥር።

አሁን ትንሽ ከበድ እናድርገው። ማታ ሁሉም ቤት ፋኑንና ኤሲውን ሲለቅ መብራቱ ይደክማል። 220 መሆኑ ቀርቶ 180 ሆነ እንበል። እናትህ «እንጀራው ዓይን አላወጣ አለ፣ ሊጡ ነው» ትላለች። ሊጡ አይደለም፣ በከንቱ ነው የሚታማው። የምጣዱን ሬዚስታንስ እናውጣ፦ 220 ሲካፈል ለ15.9፣ 13.8 ኦም አካባቢ። ሽቦው ያው ሽቦ ስለሆነ ይህ ቁጥር ቦታውን አይለቅም። በ180 ቮልት የሚያልፈው አምፒር 180 ሲካፈል ለ13.8፣ 13 ነው። ዋቱ? 180 ሲባዛ በ13፣ 2,340። ቮልቱ የቀነሰው ከአንድ አምስተኛ ያነሰ ነው፣ ሙቀቱ ግን አንድ ሦስተኛው ጠፋ። ምክንያቱም ቮልቱ ሲወርድ አምፒሩንም ይዞት ነው የሚወርደው። ይህን ለእናትህ አስረዳት። እናትህን ማስረዳት ከቻልክ ፈተናውን አትፍራ።

እንግዲህ አስጠኚ ስትፈልግ የኤሌክትሪክ ሰው መሆን የለበትም። የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ ልቅም አድርጎ የሚያውቅ ልጅ ይበቃሃል። ብር ከሌለህ ተለዋወጡ፣ እሱ ቀመር ያሳይህ፣ አንተ ሶኬት መቀየር አሳየው፤ ፊዚክስ ያጠና ስንት ልጅ አለ ፌዝና ኒውትራል ለይቶ የማያውቅ! (ስታሳየው ግን ብሬከሩን አውርደህ፣ በቴስተር አረጋግጠህ ነው። «አንዴ ነው፣ ምንም አይል» የሚባል ነገር የለም።) ደብተር ይዘህም ወደ ሥራ ሂድ። ፒንሳ ከማንሳትህ በፊት ስንት ዋት፣ ስንት አምፒር፣ ስንት ቁጥር ሽቦ ብለህ ጻፍ። በሳምንቱ መጨረሻ አስጠኚህ ያንን ደብተር ይየው። ጥያቄ መጽሐፍ ውስጥ መፈለግ አይጠበቅበትም፣ አንተ ራስህ ጥያቄ እያመረትክለት ነው።

ጥያቄ፦ እኛ በኩራዝ አጥንተን ነው እዚህ የደረስነው፣ ማንም አላስጠናንም። ዛሬ የአንደኛ ክፍል ልጅ ሳይቀር አስጠኚ አለው። የልጅ ልጄ ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ይማራል፣ እሱም አስጠኚ ይቀጠርልኝ አለ። ፋሽን አይደለም ወይ? (የባቡር ጡረተኛ፣ ከቀዚራ)

መልስ፦ አባባ፣ ቦንዡር። ግማሹ ፋሽን ነው፣ አልክድዎትም። ጎረቤት ስለቀጠረ የሚቀጥር አለ። ለአንደኛ ክፍል ልጅ ደግሞ ከአስጠኚ ይልቅ አጠገቡ ተቀምጦ ጮክ ብሎ ሲያነብ የሚሰማው ሰው ይሻለዋል፣ ያ ሰው እርስዎ ቢሆኑ ምን ይላል።

«ማንም አላስጠናንም» ያሉት ግን አይዋጥልኝም። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬ ከደረሰ ጀምሮ የዚህች ከተማ ልጅ ሙያ የተማረው አለቃው አጠገብ ቆሞ ነው። ጋራዥ ውስጥ የመጀመሪያ ቀን ስንት ሰው ነበር ቶርኖው ላይ ያቆመዎት? አንድ ሰው። እጅዎን ያየ፣ «ቀስ በል» ያለ፣ አንዳንዴም በቁልፍ ጣትዎን ነካ ያደረገ አንድ ሰው። አስጠኚ ብላችሁ አልጠራችሁትም እንጂ እሱ ነበር።

በ1984 እ.ኤ.አ. ቤንጃሚን ብሉም የሚባል አሜሪካዊ የትምህርት ተመራማሪ የጻፈው ነገር አለ። አንድ ለአንድ አስጠኚ ይዘው የተማሩትን በተራ ክፍል ከተማሩት ጋር ሲያወዳድር፣ አስጠኚ ከያዙት መካከለኛ የሚባለው ልጅ ከተራ ክፍል ልጆች 98 በመቶውን በልጦ ተገኘ። ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ልዩነቱ ያን ያህል አይሰፋም ብለዋል፣ ጥቅሙን ግን አልካዱም። ሰው ሲጠቅሰው የሚዘነጋው የብሉም ልጆች ተቀምጠው ሲሰሙ የዋሉ አለመሆናቸውን ነው። በየመሀሉ ይፈተኑ ነበር፣ የሳቱትን አርመው ነበር ወደሚቀጥለው የሚያልፉት።

ለልጅ ልጅዎ ታዲያ አስጠኚ አይቅጠሩ። እርስዎ ያስጠኑት። የቶርኖ ሰልጣኞች ብዙ ጊዜ የሚደናበሩት ካሊፐር ማንበብ ላይ ነው፣ ለዚህ ደግሞ ማሽን አያስፈልግም። የሻይ ብርጭቆ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የበር ቁልፍ፣ ያገኙትን ይስጡትና ይለካ። የታችኛው መስፈሪያ ዜሮ ላይኛው ላይ 24ን አልፎ፣ ከታች 13ኛዋ ጭረት ከላይኛው ጋር ቀጥ ብላ ከገጠመች፣ እያንዳንዷ ጭረት 0.05 ሚሊ ሜትር በሆነችበት ካሊፐር 13 ጊዜ 0.05፣ 0.65 ነው፤ ስለዚህ 24.65 ሚሊ ሜትር። እሱ ያንብብ፣ እርስዎ ዝም ይበሉ። ሲሳሳት «እንደገና» ብቻ ይበሉት። አውቃለሁ፣ ዝም ማለት ይከብድዎታል፣ ጡረተኛ ነዎት።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ አስጠናለሁ። የተስማማነው አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እህቱ ተጨመረች፣ ከዚያ የአጎቱ ልጅ፣ አሁን የጎረቤት ልጅ። አራቱም ነደባ (የሐረሪ ቤት መደብ) ላይ ተደርድረው ይጠብቁኛል። ክፍያው የአንድ ልጅ ነው፣ እሱም ዘግይቶ ነው የሚመጣ። እናትየው ግን ሆጃ ሳያጠጡኝ አይሸኙኝም፣ ሀለዋም ይቋጥሩልኛል። እንዴት ብዬ ልናገር?

መልስ፦ ሀለዋው ነው ያሰረህ። የሐረር እናት መስተንግዶ ላይ ሆኖ ስለ ብር ማውራት እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ እኔም በአንድ ቤት ስምንት ወር ሙሉ ደመወዝ ሳላስጨምር የበላሁት ሙሸበክ ጥርሴን ጨርሶታል።

በብሩ አትጀምር፣ በልጁ ጀምር። «እናቴ፣ የእርስዎ ልጅ ክፍልፋይ ላይ ነው የሚቸገረው፣ እህቱ ገና ማባዛት ላይ ናት፣ ሁለቱን አንድ ላይ ሳስቀምጥ አንዱ ይሰለቻል አንዱ ይፈራል። የተስማማንባትን ሰዓት ለእሱ ብቻ ላድርጋት፣ ሌሎቹን ከፈለጉ ቅዳሜ በቡድን ልያዛቸው፣ የቅዳሜውን ክፍያ ለብቻ እንነጋገር።» ሐሜት የለበትም፣ እውነት ነው፣ እናትም ስለ ልጇ ሲነገራት ትሰማለች። የጎረቤቱ ልጅ እናት ደግሞ አንተን አልቀጠረችህም፣ እሷ ራሷ ትምጣና ትነጋገር።

አራት ልጅ በአንድ ላይ ማስጠናት ኃጢአት አይደለም። ስሙ ግን ሌላ ነው። አራት እጅ በአንዴ አታይም፣ የምታየው የጎበዙን ነው። ቀጣይ ቤት ስትገባ መጀመሪያውኑ ቁረጥ፦ ስንት ልጅ፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ ክፍያው ወር በገባ በስንተኛው ቀን፣ ልጁ ከቀረ ሰዓቱ ይቆጠራል ወይስ ይካካሳል። ቅር የሚላቸው ካሉ ያኔውኑ ቢላቸው ይሻላል። የዘገየውን ክፍያ በተመለከተ ለአባትየው ጻፍላቸው፣ አጭር፣ ከሰላምታ ጋር። ሀለዋውን ግን እምቢ እንዳትል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ለ12ኛ ክፍል እያጠና ነው። ካልቃመ ማጥናት አልችልም ይላል። አስጠኚው ራሱ እየቃመ ነው የሚያስጠናው፣ ከሰዓት ጀምረው እስከ ሌሊት ይቀመጣሉ። ስድስት ሰዓት አጠናን ይላሉ። ልተዋቸው? (እህት፣ ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ ድሬ ላይ ጫት ክፉ ነው ብዬ ብጽፍ ነገ ሰፈሬ አልገባም፣ ስለዚህ ስለ ፈተናው ብቻ ላውራ።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ነገር አነቃቂ ነው፣ ሰው ትኩስ ቅጠል የሚመርጠውም ሲደርቅ ስለሚዳከም ነው። ስድስት ሰዓት ያስቀምጣል፣ እውነት ነው። በምርቃና ላይ ሁሉም ነገር የገባ ይመስላል፣ ምዕራፉ ይወደዳል፣ ዩኒቨርሲቲው ይመረጣል፣ ዶክተርነቱም እዚያው ያልቃል። ችግሩ ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ማለቱ ነው። ያጠናነው ነገር በአእምሯችን የሚረጋው ስንተኛ ነው፣ ያላረጋኸውን ማር ደግሞ በማንኪያ አትቆርጠውም።

አንድ ነገር ጠይቂው። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው፣ ሞባይል እንኳ ይዞ አይገባም፣ ጫትማ የት አባቱ። ሳይቅም ተቀምጦ የማያውቅ ልጅ እዚያ ምን ሊሆን ነው? ልምምዱ እንደ ጨዋታው ይሁን። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሙቀቱ ሳይነሳ፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል፣ ሳይቅም፣ ሰዓት ተይዞ የድሮ ፈተና ይሥራ። መጀመሪያ ቀናት ይደብረዋል፣ ያዛጋል፣ ይነጫነጫል። ያዛጋ። ማታ ለስድስት ሰዓት እየቃመ ካጠናው በነጋታው ምን እንደቀረው ደግሞ ባዶ ወረቀት ሰጥተሽ አስጽፊው፣ አትቆጪው፣ ወረቀቱ ይናገራል። አስጠኚውን ግን እኔ ብሆን ነገ ነበር የማሰናብተው።

ጥያቄ፦ ልጄ እስከ 8ኛ በአፋን ኦሮሞ ነው የተማረው። 9ኛ ሲገባ ሁሉም እንግሊዝኛ ሆነበት። አስጠኚው በአማርኛ ያስረዳዋል፣ ልጁ ዝም ይላል። ደደብ ሆነ እንዴ? (ከመልካ ጀብዱ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅህ ሦስት ቋንቋ ላይ ቆሞ ነው ፊዚክስ የሚሠራው፣ እኔ በአንዱ እንኳ ስንቴ ወድቄያለሁ። ደደብ የሚባለው አስጠኚው ነው፣ ዝም ሲለው ምክንያቱን ያልጠየቀው።

ድሬ ናትና አፋን ኦሮሞም አማርኛም ሶማሊኛም የሚያቀላጥፍ አስጠኚ አይጠፋም፣ እሱን ፈልግ። ሐሳቡን በሚያውቀው ቋንቋ ያስይዘው፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛው ያሻግረው። ሰዎች ትልልቆቹን ቃላት ያስሸመድዳሉ፣ ፎቶሲንተሲስ ምናምን። እነሱማ ለሁሉም እኩል አዲስ ናቸው። ልጁን የሚጥሉት ትንንሾቹ ናቸው፦ «አት ሊስት»፣ «አንለስ»፣ «ዜርፎር»። «አት ሊስት» ቢያንስ መሆኑን ያላወቀ ልጅ ሒሳቡን ቢያውቀውም ጥያቄውን ይስተዋል። የእነዚህ ትንንሽ ቃላት ደብተር ይኑረው፣ አንድ ገጽ ላይ በሦስቱም ቋንቋ ይጻፋቸው። በልጁ እጅ፣ በአስጠኚው አይደለም።

ጥያቄ፦ አካውንቲንግ ሰልጣኝ ነኝ። ቫትን ጨምሮ 1,150 ብር ከተከፈለበት ዕቃ ቫቱን አውጪ ተባልኩ። 15 በመቶውን አስልቼ 172.50 አልኩ፣ ተሳስተሻል አሉኝ፣ ለምን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። (ከለገሃሬ)

መልስ፦ ቫቱ የተጨመረው 1,150 ላይ አይደለማ! ቫት ሳይገባበት በፊት በነበረው ዋጋ ላይ ነው። ያ ዋጋ 100 ቢሆን ኖሮ ከነቫቱ 115 ይሆን ነበር፣ ስለዚህ 1,150ን ለ1.15 አካፍዪ፣ 1,000 ይመጣል፣ ቫቱ 150 ነው። ያንቺ 172.50 ቢሆን ኖሮ በቫቱ ላይ ራሱ ቫት አስከፈልሽ ማለት ነው።

እስኪ አሁን 2,300ን እንደዚሁ አውጪና በመንገዱ ሁሉ የጻፍሽውን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። መልሱን ብቻ እንዳትልኪ።